ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ቤት የተሠራው ሊፕ ግሎስና የ7 ወሩ ሕፃን

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎት ከጎንደር ነው። የ6 ዓመት ልጄ በበጋው ንፋስ ከንፈሯ እየተሰነጠቀ ሲያስቸግራት፣ ከሱቅ ኬሚካል ይሻላል ብዬ ከማር፣ ከሰም፣ ከኮኮናት ዘይትና ከቀይ ስር ጭማቂ ሊፕ ግሎስ ሠራሁላት። በጣም ወደደችው። ከጎረቤት ልጆች ጋር እቃ እቃ ሲጫወቱ ሁሉም ይቀቡታል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ሽታው ኮመጠጠ፣ ከላዩም አረፋ ነገር ያዘ። የከንፈሯ ጥግ ከቆሰለ ደግሞ 12 ቀን ሆነው፤ ቴትራሳይክሊን እየቀባኋት ነው። ጎረቤቴ “ጠብታ አረቄ ብትጨምሪበት አይበላሽም ነበር” አለችኝ። እንዳይበላሽ ምን ልጨምርበት? በነገራችን ላይ የ7 ወር ወንድሟንም አንዳንዴ ትቀባዋለች።

መልስ፦ እህቴ፣ የጠየቁኝ ስለ ማቆያ ነው። እንቅልፍ የነሳዎት ግን “በነገራችን ላይ” ብለው መጨረሻ ላይ ጣል ያደረጉት ነገር ይመስለኛል። ከእሱ ልጀምር።

ሕፃኑ እንደ ልማዱ እየጠባ፣ እየሳቀና እየተንፈራገጠ ከሆነ ይረጋጉ። የምፈራው በሽታ ብርቅ ነው፤ ማር የቀመሱ ሕፃናት አብዛኞቹ ምንም አይሆኑም። ግን ከዛሬ ጀምሮ ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማር በአፉም በከንፈሩም አይዙርበት።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ማር ውስጥ አንዳንዴ ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣ ባክቴሪያ ዘር ይኖራል። እኔና እርስዎ ብንበላው አንጀታችን ውስጥ የሰፈሩት ሌሎች ባክቴሪያዎች ቦታ አይሰጡትም። ዓመት ያልሞላው ልጅ አንጀት ግን ገና ያልተዘራ ማሳ ነው። ዘሩ እዚያ ይበቅልና መርዝ ያመነጫል። መርዙ ጡንቻን ያዝላል።

“ኧረ ማር መድኃኒት ነው፣ አያቶቻችን ሕፃን ሲወለድ ያስልሱት ነበር” የሚለኝ ሰው አይጠፋም። በየሳምንቱ ይሉኛል። ነጭ ማር፣ ቀይ ማር፣ የገዳም ማር፣ ከራሳችሁ ቀፎ የተቆረጠ ማር፣ ልዩነት የለውም። “አሙቄዋለሁ” የሚሉም አሉ። ይህን ዘር ለመግደል በግፊት ማብሰያ 121 ዲግሪ ገደማ መድረስ ያስፈልጋል። ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እንኳ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰሙን ያቀለጡት ምናልባት በ65 ነው። ዘሩ ሙቀቱ አልተሰማውም።

አሁን ልጁን ይዩት። መጀመሪያ የሚታየው ብዙ ጊዜ ድርቀት ነው። ከዚያ ጡት መሳብ ይደክመዋል። ለቅሶው ይሰልላል። የዓይኑ ቆብ ይወርዳል፤ ፊቱ ስሜት አልባ ይሆናል። ቀጥ አድርጎ ይይዘው የነበረው አንገት ይዝላል። ይህ ሁሉ ማሩን ከቀመሰ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ወር ገደማ ባለው ጊዜ ሊመጣ ይችላል። ትኩሳት አብዛኛውን ጊዜ የለውም፤ ሰውን የሚያዘናጋውም ይኸው ነው። “አላተኮሰውም” ተብሎ ሲጠበቅ መተንፈሻ ጡንቻው ይደክማል። ስለዚህ ደግሜ እላለሁ፦ ሰገራ ያቆመ፣ መጥባት የደከመውና አንገቱ የዛለ ሕፃን ለነገ አይባልም። ሌሊትም ቢሆን፣ የጥምቀት ዋዜማም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት፤ ማር መቅመሱንም ይንገሯቸው። ሆዱ ደረቀ ብለው ቅቤ ወይም የአብሽ ውሃ አይጋቱት። መዋጥ የደከመው ልጅ ወደ ሳንባው ይገባበታል።

ወደ ጥያቄዎ ልመለስ። ማር ብቻውን አይበላሽም፣ እውነት ነው። ውሃ ሲገባበት ምን እንደሚሆን ግን ጠጅ የጣለ ሁሉ ያውቃል። እርስዎ በቀይ ስር ጭማቂ ውሃ ጨመሩበት፤ ልጆቹ ደግሞ በጣታቸው ምራቅ ጨመሩበት። ያ አረፋ የመፍላት ምልክት ነው። እንግዲህ የሚጨመር ነገር አይፈልጉ፤ የሚቀነስ ነው ያለው። ፋብሪካ ማቆያ የሚያስገባው መዝኖ፣ ፈትሾ ነው። በማንኪያና በግምት አይሠራም። የቫይታሚን ኢ ካፕሱል ዘይት ቶሎ እንዳይሸት ያዘገያል እንጂ ጀርም አይገድልም። አረቄው? ጠብታው ምንም አያቆይም፤ የተሰነጠቀ ከንፈር ግን ያቃጥላል። ጎረቤትዎን ሰላም ይበሉልኝ።

አሁን ትንሽ ልቆጣ ነው። 12 ቀን! የዓይን ቅባት ለከንፈር፣ ያውም ሳይመረመር። ከንፈሯን የምትልስ ልጅ ጥጉ ላይ ምራቅ እያቆረ ይቆስላል፤ ብዙ ጊዜም ፈንገስ ይገባበታል። ቴትራሳይክሊን ፈንገስን ምንም አያደርገውም። ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ካለው ደግሞ ከልጅ ወደ ልጅ የሚሄድ የባክቴሪያ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒቱ ሌላ ነው። ሳላየው የትኛው እንደሆነ አልነግርዎትም። ነገ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። እቃ እቃ አብረዋት የሚጫወቱት ልጆች እናቶችም የልጆቻቸውን ከንፈር ይዩ።

ውሃ የቋጠሩ ትንንሽ ፈሳሽ እብጠቶች ከሆኑ ሰፈሩ “ምች መታት” ይላል። ፀሐይና ትኩሳት ይቀሰቅሱታል እንጂ ሥሩ ቫይረስ ነው። በመሳምም፣ አንድ ሊፕ ግሎስ በመጋራትም ይተላለፋል። ዳማከሴው ቫይረሱን አያጠፋውም። ቁስሉ እስኪደርቅ ሕፃኑን አትሳመው።

ለተሰነጠቀ ከንፈር ተራ ቫዝሊን ይበቃል፤ እኔም ለራሴ ልጆች የማደርገው ያንኑ ነው። እጄ የሠራው ካልሆነ ካሉ፣ 1 ማንኪያ የተፈቀፈቀ የንብ ሰም በ4 ማንኪያ ኮኮናት ዘይት በፈላ ውሃ ላይ ያቅልጡ። ማር የለ፣ ጭማቂ የለ፣ ሎሚ የለ። ሰሙ የባለቀለም ሻማ ስብርባሪ አይሁን። ፍጹም በደረቀ ብልቃጥ ጥቂት ጥቂት ያድርጉት፤ ለእያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ይሁን፣ በኮተን በድ እየተነካ። ውሃ ከሌለው 2 ወይም 3 ወር ይቆያል። የከረመ ዘይት ከሸተተ ይጣል።

ልጅቷን ወንድሟን ስለቀባችው አይቆጧት፤ ልታሳምረው ነው። የድሮውን ብልቃጥ ግን ዛሬ ማታ ይጣሉት። ከእቃ እቃው መሐልም ይፈልጉ፤ የ6 ዓመት ልጅ የወደደችውን ሳትደብቅ አትቀርም።