ሊኑክስ ኮምፒውተሬ ሌሊት ለምን ይጠፋል?

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የጽሕፈትና የኅትመት አገልግሎት እሰጣለሁ። የደንበኞችን ሰነዶች የማስቀምጥበት፣ ኡቡንቱ የተጫነበት ኮምፒውተር አንዳንድ ሌሊት ጠፍቶ ራሱ ተመልሶ ይነሣል። ምክንያቱን በምን ትእዛዝ ላውቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የሰው ሰነድ በአደራ ይዘው በግምት ዕቃ ከመቀየርዎ በፊት ኮምፒውተሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ማንበብ ይገባል። ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፍተው «ሱዶ ጆርናልሲቲኤል» ብለው ከጻፉ በኋላ፣ በየመካከላቸው ክፍተት እየተዉ ሰረዝና ቢ፣ ሰረዝና 1፣ ሰረዝና ኢ ቢጨምሩ፣ ኮምፒውተሩ ከመጥፋቱ በፊት የተመዘገቡትን የመጨረሻ መልእክቶች ያገኛሉ። አገልግሎቶች በየተራ መቆማቸው ተጽፎ ከሆነ ማሽኑ የተዘጋው በሥርዓት ነው፤ መልእክቱ በሥራ መካከል ድንገት ከተቋረጠ ግን መብራት መሄዱን፣ የፓወር ሰፕላይ ብልሽትን ወይም የሲስተሙን መድረቅ መጠርጠር ተገቢ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ በ«ቫር» ሥር ባለው «ሎግ» ውስጥ «ጆርናል» የሚባል ፎልደር ከሌለ፣ መዝገቡ በተለመደው አቀማመጥ ራም (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታ) ላይ ብቻ ስለሚቆይ መብራት ሲሄድ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ፎልደሩን ፈጥረው ኮምፒውተሩን እንደገና ያስነሡ።

ብዙዎች የሚቸኩሉበት «ዲሜሴጅ» የተባለው ትእዛዝ የከርነሉን (የሊኑክስን እምብርት) መልእክት የሚያሳየው ከአሁኑ መነሣት ወዲህ ያለውን ብቻ በመሆኑ፣ ለትናንት ሌሊቱ ጉዳይ አይረዳዎትም። የዲስኩን ቀሪ ቦታ «ዲኤፍ»፣ የራሙን ይዞታ «ፍሪ» ያሳዩዎታል፤ ለሁለቱም ሰረዝና ኤች ሲጨመር ቁጥሩ በሜጋና በጊጋባይት ይነበባል።