ፎቶው «ኖርማል ነው» ካለ ምን ይጥለኛል? ስለሚጥል በሽታና የአንጎል ምርመራ የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከጎንደርና ከዙሪያዋ ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለሚጥል በሽታ ናቸው፤ በተለይ በማሽን ስለሚነሡት የአንጎል ፎቶዎች፣ ስለ ኤምአርአይና ሲቲ ስካን። ጉዳዩ ለእኔ ሩቅ አይደለም። በነርስነት ብዙ ዓመት የሠራሁት የክትትል ካርድ ይዘው ከሚመጡ የሚጥል በሽታ ታማሚዎች ጋር ነው። ጥያቄዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው።

«ልጄ 9 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓይነት መድኃኒት ወስዶ አልተወውም፤ በሳምንት ሦስት አራት ጊዜ ይጥለዋል። አሁን ኤምአርአይ ይነሣ ተባልን። በሬ ሸጠን ነው የምናስነሣው። ይጠቅመዋል?» እናት፣ ከደምቢያ

እናት፣ በሬው ከመሸጡ በፊት አንድ ነገር እንይ። ልጁ መድኃኒቱን ሲጀምር ስንት ኪሎ ነበር? አሁንስ? የልጆች መድኃኒት የሚታዘዘው በኪሎ ነው። ልጅ ያድጋል፤ ኪኒኑ ግን በ5 ዓመቱ በታዘዘው ልክ ይቀራል። እንዲህ ያለ ካርድ ስንት ጊዜ እጄ ገብቷል! መጠኑ ሲስተካከል በሽታው የተወውን ልጅም አይቻለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ያስመዝኑት። ኪኒኑ የተዘለለባቸውን ቀናትም ለሐኪሙ ሳይደብቁ ይንገሩት።

መጠኑ ልክ ከሆነና ሳይቋረጥ ተወስዶም ሁለት መድኃኒት ካልበገረው፣ ሐኪሙ ኤምአርአይ ማዘዙ ትክክል ነው። ከሦስት ታማሚ አንዱ ገደማ እንዲህ ነው፤ መድኃኒት ብቻውን አያቆምለትም። እዚህ ላይ በሽታው መኖሩ ታውቋል። የሚፈለገው ከየት እንደሚነሣ ነው።

ፊልሙን ወደ መስኮት ከፍ አድርገው ቢያዩት፣ አንጎል እንደ ዳቦ በስሱ ተቆርጦ ተደርድሮ ይታያል። ከጆሮ ወደ ውስጥ ገባ ሲባል፣ በግራም በቀኝም፣ ትንሽ ጣት የምታህል ጥምዝ ያለች ነገር አለች። ሂፖካምፐስ ትባላለች፤ ሥራዋ ከማስታወስ ጋር የተያያዘ ነው። አንዷ ከሌላዋ ሟሽሻ፣ ፊልሙ ላይም ነጣ ብላ ከታየች ጠባሳ ይዛለች ማለት ነው። በሕፃንነታቸው ትኩሳት ለረጅም ሰዓት ያንቀጠቀጣቸው ሰዎች ላይ ይህ ይታያል። ከዚህ ሌላ በእናት ማሕፀን ሳለ አፈጣጠሩ የተዛነፈ የአንጎል ክፍል፣ ዕጢ ወይም የድሮ አደጋ ጠባሳ ሊገኝ ይችላል። አንዳንዱ ከጥፍር አይበልጥም። ስለዚህ የምርመራ ወረቀቱ ላይ «መድኃኒት ላልበገረው የሚጥል በሽታ» ተብሎ እንዲጻፍ ሐኪሙን ይጠይቁት። ይህ ከተጻፈ አንጎሉን ቀጠን ቀጠን አድርገው ያነሡታል። ለራስ ምታት በሚነሣው ዓይነት ትንሽ ጠባሳ ልታመልጥ ትችላለች።

ቦታው ቢገኝስ? በ2001 የታተመ የካናዳ ጥናት አለ። በሽታቸው ከዚሁ ከጆሮ ገባ ካለው የአንጎል ክፍል የሚነሣ 80 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ለቀዶ ሕክምና ተመደቡ፣ ግማሾቹ በመድኃኒት ቀጠሉ። ከአንድ ዓመት በኋላ ለቀዶ ሕክምና ከተመደቡት 58 በመቶዎቹ ከከባዱ መጣል ተገላገሉ። በመድኃኒት ከቀጠሉት ግን 8 በመቶው ብቻ። እንዲህ ያለው ቀዶ ሕክምና ለሁሉም አይሆንም፤ ብዙ ባለሙያም ይፈልጋል። መንገዱ የሚጀምረው ግን ከዚህ ፎቶ ነው። መጠኑ ከታየ በኋላ ይነሣ እላለሁ። በሬውን ከመሸጥዎ በፊት ግን የጤና መድን ካርድዎን ይዘው ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ይጠይቁ።

«ኤምአርአዩ ኖርማል ነው ተባልኩ። ግን አሁንም ይጥለኛል። ቤተሰቤ 'አየህ፣ የሐኪም ነገር አይደለም' ይለኛል። ምን ልበል?» ተማሪ፣ ከማራኪ

ወንድሜ፣ የቤታችሁን ፎቶ ብታነሣ ግድግዳውና ጣሪያው ይታያል። ማታ ማታ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንደሚል ግን ከፎቶው አታውቅም። ኤምአርአይ የሚያየው የአንጎልን ቅርጽ ነው። አንተን የሚጥልህ የአንጎል ኤሌክትሪክ መረበሽ ነው። «ኖርማል» ማለት «የሚታይ ጠባሳ አላገኘንም» ማለት ነው። አልታመምክም ማለት አይደለም።

ኤሌክትሪኩን የሚያሳየው ራስ ላይ ሽቦ ተለጥፎ የሚደረገው ምርመራ፣ ኢኢጂ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር ከሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የቀዳው በ1924 ነው፤ እስከ ዛሬ የሚተካው አልተገኘም። ኢኢጂም ቢሆን በአንድ ቀን ምርመራ ምንም ላያሳይ ይችላል፤ ይደገማል። ፔት ስካን የሚባል ደግሞ አለ። አንጎል ስኳርን እንዴት እንደሚጠቀም ያሳያል። በሽታው የሚነሣበት ቦታ፣ ሰውየው ደህና በሆነበት ሰዓት፣ ከሌላው ያነሰ ስኳር ሲጠቀም ይታያል። በኤምአርአይ ያልታየ ቦታ በዚህ የተገኘላቸው አሉ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ ለቤተሰብህም አንብብላቸው። ኤኒግማ የተባለው የተመራማሪዎች ኅብረት በ2018 የ2,149 ታማሚዎችንና የ1,727 ጤነኞችን የአንጎል ፎቶ አነጻጽሯል። ፎቶው የመጣው ከ24 ማዕከላት ነው። የታማሚዎቹ የአንጎል ቅርፊት በአንዳንድ ቦታዎች በአማካይ ሳስቶ ተገኘ። ታላመስ የሚባለው የመሐል ክፍልም አንሶ ነበር። ይህ የታየው ፎቷቸው «ኖርማል ነው» በሚባልላቸው የሚጥል በሽታ ዓይነቶች ጭምር ነው። ልዩነቱ ረቂቅ ስለሆነ በአንድ ሰው ፊልም ላይ በዓይን አይለይም፤ የሺዎች ሲደመር ነው የሚወጣው። እና ወንድሜ፣ በሽታህ እውነተኛ ነው፤ የአንጎል በሽታም ነው።

«ጥሬ ሥጋ እወዳለሁ፤ ኮሶም አለብኝ። ኮሶው ወደ ጭንቅላት ወጥቶ ይጥላል የሚባለው እውነት ነው?» ከአራዳ

የከብት ሥጋ ኮሶ አንጀት ውስጥ ነው የሚኖረው፤ ወደ አንጎል አይወጣም። አንጎል ገብቶ የሚጥለው የአሳማ ኮሶ እጭ ነው። እሱ ሲደርቅ ሲቲ ስካን ላይ እንደ ነጭ ጠጠር ይታያል። አሳማ በሚረባባቸው ብዙ አገሮች ከሚጥል በሽታ ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። ለኮሶህ ግን መድኃኒቱን ውሰድ።

«እናቴን ለኢኢጂና ለኤምአርአይ ልወስዳት ነው። ምን ላዘጋጅ?» ከአዘዞ

ለኢኢጂ ፀጉሯን በሳሙና አጥቢያት። ቅቤ ከተቀባች ሽቦዎቹ አይይዙም፤ ተመልሰው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ። ሹሩባውም ይፈታ። ለኤምአርአይ ደግሞ ማሽኑ ትልቅ ማግኔት ነው፤ ጨረር የለውም። የአንገት መስቀል፣ ጉትቻ፣ የፀጉር ሽቦ፣ ሳንቲም ሁሉ ይውጣ። የማተቡ ክር ችግር የለውም፤ መስቀሉን ነው የምታወልቀው። ኩሉን አጥቢላት፤ የአንገት ንቅሳት ካላትም ለባለሙያው ንገሪ። ሰውነቷ ውስጥ ብረት ወይም የልብ ማሽን ካለ ሳትናገሩ እንዳትገባ። ማሽኑ እንደ መዶሻ ይደበድባል። ቀድመሽ ካልነገርሻት ትደነግጣለች፤ ከተንቀሳቀሰች ደግሞ ፎቶው ይበላሻል።

«ጠበል ጀምሬያለሁ። ኪኒኑን ላቁም?» ከወገራ

በፍጹም። ጠበሉንም ተጠመቅ፣ ኪኒኑንም ዋጥ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ፌኖባርቢታል በድንገት ሲቆም መንቀጥቀጡ ያለ ማቋረጥ ሊመጣ ይችላል፤ ሕይወትም ሊያሳጣ ይችላል። በጎንደር ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች ነርሶች ይህን መድኃኒት እየሰጡ ታማሚ ሲከታተሉ ቆይተዋል፤ ሩቅ ሳትሄድ ጠይቅ።

«ክፍል ውስጥ ተማሪዬን ሲጥላት ክብሪት ጭረው ሊያሸትቷት ሮጡ። እኔ ምን ማድረግ ነበረብኝ?» መምህር፣ ከቆላ ድባ

መምህር፣ ክብሪቱን ያስቀሩ፤ ያቃጥላታል እንጂ አያቆምላትም። አፏ ውስጥ ምንም አይክተቱ። ለሃጯ ወደ ማንም አይጋባም፤ ይህን ለተማሪዎቹ ጮክ ብለው ይንገሯቸው። በጎኗ ያስተኟት፤ ከራሷ ሥር ነጠላ ወይም ሹራብ ያድርጉ፤ ሰዓት ይያዙ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳትነቃ ከደገማት ወደ ጤና ተቋም ያድርሷት።

አንድ ሰው እንዲህ ሲረዳት ሌላው በስልክ ይቅረጻት፤ ለወላጆቿ ብቻ የሚሰጥ ይሁን። ከፊቷ ጀምሮ እስከ እግሯ፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች። ዓይኗ ወደየት ዞረ? የቱ እጇ ቀድሞ ተንቀጠቀጠ? ግራ እጅ ቀድሞ ከጀመረ ሐኪሙ ኤምአርአዩን ሲያነብ የቀኙን አንጎል አስቀድሞ ያጠናል። ወላጆቿ ለምርመራ ሲሄዱ ያንን ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ።