ድግሱ ቢቀር ጽዋው ይቀራል ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። 12 ሴቶች ሆነን በየወሩ በ21 በየተራ አንዳችን ቤት እየተሰበሰብን የእመቤታችንን ጽዋ እንጠጣለን። የእኔ ተራ ሰኔ 21 ይደርሳል። ያለፈችው ባለተራ ሰባት ዓይነት ወጥ ሠርታ፣ ሦስት ሳጥን ለስላሳ አስገብታ ነው የተቀበለችን። የእኔ ደመወዝ ከቤት ኪራይና ከልጆቼ አያልፍም። ከምዋረድ ማኅበሩን ልተወውና ቤቴ በሬን ዘግቼ ልጸልይ ብዬ አሰብኩ። ጌታም «ወደ እልፍኝህ ግባ» ብሏል። ግን ጽዋ የተወ ሰው እመቤታችን ትቀየመዋለች ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያ ያየሁት ፍርሃቱን ነው። ሁለተኛ ሳነበው ኀፍረቱ በለጠብኝ።

ፍርሃቱን ቶሎ እንጨርሰው። እመቤታችን አበዳሪ አይደለችም። የማን ተራ አለፈ ብላ መዝገብ አትይዝም። ቃና ዘገሊላን አስቢ። ድግሱ መሀል ላይ ወይን ጠጁ አለቀ። ለደጋሽ ከዚህ የባሰ ኀፍረት የለም። እሷ ምን አደረገች? «ሳይዘጋጁ ለምን ጠሩ» አላለችም። ወደ ልጇ ዞር ብላ «የወይን ጠጅ እኮ የላቸውም» አለች። የባለቤቶቹን ጓዳ አይታ ለእነሱ ለመነች። ባዶ ጓዳ አይቶ የሚለምን ሰው በባዶ ጓዳ ይቀየማል? ይህን ማስፈራሪያ የነገረሽ ሰው ካለ ተሳስቷል። አትፍሪ።

ይህን ስላልኩ ግን ማኅበሩን ተዪው ማለቴ አይደለም። እንዲያውም እንዳትተዪው አጥብቄ እለምንሻለሁ።

በየዓመቱ እንዳንቺ ያሉ እኅቶች ይመጡብኛል። አንዷ ተበድራ ደግሳ ዕዳው ውስጥ ሆና ትመጣለች። ሌላዋ «ታምሜያለሁ» ብላ ዋሽታ ከቀረች በኋላ ሕሊናዋ ሲወቅሳት ትመጣለች። የሁሉም ስሕተት አንድ ነው። ጽዋ ማለት ድግስ ይመስላቸዋል። ድግሱ ሲያቅታቸው ጽዋውም የቀረ ይመስላቸዋል።

ደሴ ላይ ያየሁትን አንድ ቀን ልንገርሽ። 2014 ዓ.ም. ነው። ጥቅምት ላይ ጦርነቱ ከተማ ሲገባ ሰው ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ። የኅዳር ጽዮን ዕለት ጽዋ የሚያነሳ አልነበረም። ኅዳር ሊያልቅ ሲል ከተማው ተለቀቀ፣ ሰዉም ቀስ በቀስ ተመለሰ። ጥር 21፣ አስተርዮ ማርያም ዕለት፣ ሸዋ በር አካባቢ ያለ አንድ የሴቶች ማኅበር ተሰበሰበ። የባለተራዋ ቤት ባዶ ነው። ድስቱም፣ ብርድ ልብሱም፣ የቡሃቃው ክዳን ሳይቀር ሄዷል። ጎረቤቷ ሙስሊም ናት። ጀበናና ስኒ፣ አንድ ብረት ምጣድም ይዛ መጣች። ስንዴ ተቆላ። ጽዋው ራሱ ጠፍቷል። ውኃው በሰማያዊ የፕላስቲክ ኩባያ ቀረበና ቄሱ ጸሎት አደረሱ። እኔ በሩ አጠገብ ነበርኩ። የደሴን የጥር ብርድ ታውቂዋለሽ። ሴቶቹ ነጠላቸውን ደራርበው ሰሌን ላይ ተጠጋግተዋል።

ቆሎው ከመዞሩ በፊት የማኅበሩ ሙሴ፣ መሪያቸው ማለት ነው፣ መቁጠር ጀመረች። «እገሊት አለች። እገሊት አለች።» ዘጠኝ ሆኑ። የቀሩትን ሦስቱን በስልክ ፈለጓቸው። አንዷ ደብረ ብርሃን ናት፣ ገና አልተመለሰችም። ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገው «እታለም፣ ድርሻሽ ተቀምጦልሻል» አሏት። መልስ አልሰጠችም። ስታለቅስ ብቻ ይሰማን ነበር።

ያን ቀን ወጥ አልነበረም። ጽዋው ግን ተጠጥቷል። ማኅበር ምን እንደሆነ ከዚያ ቀን የበለጠ የገባኝ ጊዜ የለም። ስትጎድዪ የሚቆጥርሽ ሰው ማለት ነው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ለሊት ፈረቃ ገብተሽ ልጅሽ ቢያተኩሰው ማን ያነሳዋል? አራስ ሆነሽ ገንፎ ያገነፋልሽ ማነው? ለቅሶ የተቀመጥሽ ዕለት ሳትጠሪው ገብቶ ምድጃሽን የሚያነድ ማነው? እነዚህ 11 ሴቶች ናቸው። ነገ ደግሞ ከእነሱ አንዷ ስትታመም አንቺ ነሽ። አንቺ ብትወጪ እነሱም አንድ ሰው ይጎድላቸዋል። ይህን ሳታስቢው የቀረሽ ይመስለኛል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 9 ላይ ጣቢታ የምትባል ሴት አለች። ኢዮጴ ላይ ታማ ሞተች። ጴጥሮስን ከልዳ አስጠሩት። ሲደርስ መበለቶቹ ከበቡት፣ እያለቀሱ። ምን እንዳሳዩት ታስታውሻለሽ? ቀሚስና ልብስ ነው። ከእነሱ ጋር ሳለች የሠራችላቸውን ልብስ እያነሱ ያሳዩታል። አንቺ ቀኑን ሙሉ ከክርና ከጨርቅ ጋር የምትውዪ ሰው ነሽ፣ ይህ ላንቺ ከእኔ ይልቅ ቅርብ ነው። አንዷም «እንዲህ አብልታን ነበር» ስትል አልተጻፈም። የለበሱትን ነው ያሳዩት። እነዚያ ሴቶች ባይኖሩ ጣቢታ ማን እንደነበረች ለጴጥሮስ በእንባ የሚነግረው ማን ነበር?

ስለ እልፍኙም አንድ ነገር ልበል። እልፍኝሽን አትተዪ፣ ጸልዪበት። ግን ጌታ ያን ቃል የተናገረው ሰው እንዲያያቸው ብለው አደባባይ ለሚጸልዩ ነው። ድህነትሽን ለመደበቅ በርሽን ዝጊ አላለሽም። እዚያው ምዕራፍ ላይ ያስተማረን ጸሎትም «አባታችን ሆይ» ይላል። «እንጀራችንን ስጠን» ይላል። በር ዘግተሽም ብትጸልዪው ሌሎቹን ይዘሻቸው ነው የምትገቢው።

ለማኅበርተኞችሽም የምለው አለኝ። እባክሽ ይህን አንብቢላቸው። ቅዱስ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች በዚሁ ነገር ተቆጥቷቸዋል። «የእግዚአብሔርን ማኅበር ትንቃላችሁን? አንዳችም የሌላቸውን ታሳፍራላችሁን?» ይላቸዋል፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 11። ለስላሳውን በሳጥን ያስገባችው እኅት ክፋት አላሰበችም ይሆናል። ደስ ብሏት ነው፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ግን ከእሷ ቀጥላ ያለችው እንቅልፍ አጥታለች። ይህ መቆም አለበት። እዚሁ አካባቢ ደንብ ያወጡ ማኅበራት አውቃለሁ። ዳቦ፣ ቆሎ ወይም ንፍሮ፣ ጠላ ወይም ብርዝ፣ በቃ። ትርፍ ያላት ለታመመችው ወይም ለነዳያን ትሰጣለች። እናንተም እንዲህ ብታደርጉ የምትጨነቅ ሴት አትኖርም።

እንግዲህ እንዲህ አድርጊ። ሰኔ ሳይገባ ለሙሴያችሁ ለብቻዋ ሄደሽ ንገሪያት። «አቅም የለኝም፣ ግን ተራዬን አልተውም» በያት። ምክንያት አትፈጥሪ፣ እውነቱን ተናገሪ። ፈረቃሽ ከገጠመብሽም ከአሁኑ ከጓደኛሽ ጋር ተቀያየሪ። የደንቡን ሐሳብ እሷ ለማኅበሩ ታቅርበው፣ ካህኑም ይርዷት። ሰኔ 21 የሐዋርያት ጾም ላይ ነው የሚውለው፣ ስለዚህ ሽሮ ካለሽ ምንም አይጎድልሽም። ድፎውን አንቺ ድፊው። ስንዴውን እዚያው ፊታቸው ቁዪው፣ ቤቱ ይሸታል።

ጌታ «ቀዝቃዛ ጽዋ ውኃ ብቻ» ያለውንም አትርሺ። በሰኔ ኮምቦልቻ ሙቀቱ ከባድ ነው። ውኃውን ከዋዜማው እንስራ ውስጥ አድርገሽ ጥላ ውስጥ አሳድሪው።