ከሥራ አስኪያጅነት ለቅቄያለሁ፣ ስሜ ግን መዝገቡ ላይ አለ

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ በሚገኝ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ድርሻ ሳይኖረኝ ሦስት ዓመት ሥራ አስኪያጅ ሆኜ ሠርቻለሁ። ባለድርሻዎቹ የሥጋ ዘመዶቼ ናቸው። ከሁለት ወር በፊት መልቀቂያ ባስገባም መልሳቸው «አብሽር፣ ሰው እስክናገኝ ታገሥ» ብቻ ሆነ። ነገ ዕዳ ቢመጣ ማን ይጠየቃል?

መልስ፦ ባለድርሻዎቹ መልቀቅዎን ያውቃሉ። ባንክ፣ ግብር ሰብሳቢና አበዳሪ ግን ስምዎ ከንግድ መዝገብ እስኪወጣ ድረስ የሚያውቁት እርስዎን ነው።

የሁለት ወሩ ደብዳቤ የሚለቁበትን ቀን ካልቆረጠ ወይም የተቀባይ ፊርማ ከሌለው አዲስ ይጻፉ። በሁለት ቅጂ ይሁን፤ በአንዱ ላይ አንድ ባለድርሻ ስሙንና ቀኑን ጽፎ ይፈርምበት። ማኅተሙ በእርስዎ እጅ ስለሆነ ራስዎ የመቱት ማኅተም ማስረጃ አይሆንዎትም። አንቀበልም ካሉ በአደራ ደብዳቤ ይላኩና የፖስታ ቤቱን ደረሰኝ ያስቀምጡ። ሰው ሁሉ የሚያወራው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው፤ አዋጁ የሥራ መሪዎችን ስለማያካትት የእርስዎን ጊዜ ከቅጥር ውልዎና ከመመሥረቻ ጽሑፉ ይፈልጉ።

ደብዳቤ ብቻውን መዝገብ አያስቀይርም። ንግድ ጽሕፈት ቤት የሚፈልገው የእርስዎን መሰናበትና የተተኪውን ሹመት የያዘ፣ በሰነዶች ማረጋገጫ የተረጋገጠ ቃለ ጉባኤ ነው። ጉባኤ መጥራት የሥራ አስኪያጅ ሥልጣን ስለሆነ የቆረጡት ቀን ሳይደርስ በጽሑፍ ይጥሩ። ባይመጡ እንኳ የጥሪው ቅጂ ፍርድ ቤት ሲሄዱ ይጠቅምዎታል። ዘመድ ናቸውና አባጋሮች (የወሎ አስታራቂ ሽማግሌዎች) ቢገቡበት መልካም ነው፤ ብቻ ነገሩ በዱዓና በቡና እንዳያልቅ፣ ቃለ ጉባኤው እዚያው ይፈረም።

ከሁሉ የሚከፋው ቼክ ነው። ለዕቃ አቅራቢ ቀኑን ወደፊት አድርገው ወይም «መያዣ ነው» ብለው የፈረሙት ቼክ ከለቀቁ በኋላ ባንክ ቢቀርብና ስንቅ (በሒሳቡ ውስጥ በቂ ገንዘብ) ባይኖረው፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መርማሪ የሚጠራው ፈራሚውን ነው። የቼክ ደብተሩን ጉርድ ከባንክ ስቴትመንት ጋር ያመሳክሩ። ያልተመነዘሩትን በቁጥር፣ በብር መጠንና በያዥ ስም ይዘርዝሩ፤ አዲሱ ፈራሚ ይተካቸውና የእርስዎ ተመልሰው ይሰረዙ። ፊርማዎ ከሒሳቡ እንዲነሣም ለባንኩ በጽሑፍ ያመልክቱ። ቃለ ጉባኤ አምጡ ማለታቸው አይቀርም፤ ቢሆንም ማመልከቻዎን «ደርሶናል» አስብለው ቅጂውን ይያዙ።

በታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 ድርጅት የታክስ ወንጀል ሲፈጽም በወቅቱ ሥራ አስኪያጅ የነበረው ሰው እንደፈጸመው ይቆጠራል፤ የሚድነው ሳያውቅ እንደተፈጸመና ተገቢውን ጥንቃቄ እንዳደረገ ካስረዳ ነው። ስለዚህ እስከሚለቁበት ወር ያለውን የሥራ ግብር፣ የተጨማሪ እሴት ታክስና የጡረታ መዋጮ (ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ) የተከፈለበትን ደረሰኝ ቅጂ ለራስዎ ያስቀሩ። ማኅተም፣ ያልተጻፈባቸው ቼኮች፣ የደረሰኝ ጥራዞች፣ የመኪና ሊብሬና የይለፍ ቃሎች በርክክብ ሰነድ አንድ በአንድ ይስፈሩ፤ ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓትም ይጻፍ።

ጥያቄ፦ (ከደሴ) ለድርጅቱ ብድር በግሌ ዋስ ሆኜ ፈርሜያለሁ። ስለቅ ይቀራል?

መልስ፦ አይቀርም። ዋስትናው ከሹመትዎ የተለየ ውል ነው፤ ባንኩ በጽሑፍ ካልለቀቀዎ በቀር ብድሩ ተከፍሎ እስኪያልቅ ይቆያል። ድርጅቱ ሌላ ዋስ ወይም መያዣ እንዲያቀርብ ከመልቀቅዎ በፊት ይደራደሩ፤ ብድሩ ሲታደስ ደግሞ አይፈርሙ።