የጌም ማጫወቻ ሠሪዎቹ ሒሳብ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

በደሴ ከተማ በሒሳብ ምርመራ ሙያ የምሠራ ስሆን፣ ሶኒ፣ ኒንቴንዶና ማይክሮሶፍት የሚያወጧቸውን ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርቶች በቅርብ እከታተላለሁ። ለቀረቡልኝ ጥያቄዎች እንደሚከተለው መልስ ሰጥቻለሁ፤ ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (የአካውንቲንግ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ)፦ ሦስቱን ኩባንያዎች ለማነጻጸር ስሞክር ቁጥሮቹ አልገጣጠም አሉኝ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ እህቴ፣ ከበጀት ዓመቱ ጀምሪ። ሶኒና ኒንቴንዶ ሒሳባቸውን የሚዘጉት ማርች 31 ሲሆን ማይክሮሶፍት የሚዘጋው ጁን 30 ነው፤ ይህም ሐምሌ 1 ከሚጀምረው ከእኛ የመንግሥት በጀት ዓመት ጋር የጥቂት ቀናት ልዩነት ብቻ አለው። ከዚያ በኋላ የምታነጻጽሪው የትኛውን ሒሳብ እንደሆነ ለዪ። የኒንቴንዶ ሒሳብ ከሞላ ጎደል ሁሉም የጌም ነው። ሶኒ ሙዚቃ፣ ፊልምና የካሜራ ዳሳሽ ጭምር ስላለው የጌም ክፍሉን ብቻ ነጥሎ መውሰድ ያስፈልጋል። የማይክሮሶፍት ጌም ደግሞ ከዊንዶውስ ጋር በአንድ ክፍል ተጠቃልሎ ስለሚቀርብ፣ ገቢው ቢገለጽም ትርፉ ለብቻው አይታወቅም።

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ብዙ የሸጠ ብዙ አተረፈ ማለት አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም፤ ከጥያቄዎቹ ሁሉ ሰፋ አድርጌ መመለስ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ማርች 2024 ላይ በተዘጋው ዓመት የሶኒ የጌም ክፍል 4.27 ትሪሊዮን የን ገደማ ሸጦ ከሥራው ያገኘው ትርፍ 290 ቢሊዮን የን ገደማ ነበር። በዚያው ዓመት ኒንቴንዶ 1.67 ትሪሊዮን የን ገደማ ብቻ ሸጦ 529 ቢሊዮን የን ገደማ አተረፈ። ከእያንዳንዱ 100 የን ሽያጭ ለሶኒ 7 የን የማይሞላ ሲቀርለት፣ ለኒንቴንዶ ከ31 የን በላይ ቀርቶለታል ማለት ነው። ኒንቴንዶ እንደ ማሪዮና ዜልዳ ያሉት ተፈላጊ ጌሞች የራሱ ስለሆኑ ገቢያቸውን ለሌላ ብዙ ሳያካፍል ይሰበስባል፤ በሶኒ መደብር ከሚሸጠው ግን ብዙው የሌሎች አዘጋጆች ሥራ በመሆኑ ትልቁ ድርሻ ወደ እነርሱ ይሄዳል።

ይሁን እንጂ በአንድ ዓመት ሒሳብ ብቻ መፍረድ አይገባም። በማርች 2025 በተዘጋው ዓመት የሶኒ የጌም ትርፍ ወደ 415 ቢሊዮን የን ገደማ ሲያድግ የኒንቴንዶው ወደ 282 ቢሊዮን የን ገደማ ወረደ። በ2017 ለገበያ የቀረበው የኒንቴንዶ ማጫወቻ ስዊች አርጅቶ ነበር፤ ገዢዎችም ተተኪውን ይጠባበቁ ነበር። የሶኒ ማጫወቻም ቢሆን በዚያ ዓመት ከቀዳሚው ያነሰ ቢሸጥም፣ የደንበኝነት ክፍያውና የሌሎች አዘጋጆች ጌም ሽያጭ ትርፉን ከፍ አድርገውታል። ማጫወቻው በቁጥር ቀንሶ ትርፉ መጨመሩን ልብ ይበሉ።

ጥያቄ (የጌም ቤት ባለቤት፣ ከደሴ ፒያሳ)፦ ማሽኑን በኪሳራ ይሸጣሉ ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን ያገለገሉትን እንኳ በውድ ዋጋ ነው የገዛኋቸው። እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በተለይ ምርቱ አዲስ በሆነበት ጊዜ እውነት ነው። ፕሌይስቴሽን 3 በ2006 ሲወጣ ባለ 60 ጊጋባይቱ በአሜሪካ 599 ዶላር ይሸጥ ነበር፤ ያም ሆኖ ማምረቻው ከመሸጫው ስለበለጠ የሶኒ የጌም ክፍል በዚያ በጀት ዓመት 232 ቢሊዮን የን ገደማ ከሰረ። ኪሳራውን የሚያካክሱት በኋላ ከጌም ሽያጭ፣ ከወርኃዊ ደንበኝነትና ሌሎች አዘጋጆች በመደብራቸው ከሚሸጡት ላይ ከሚይዙት፣ ብዙውን ጊዜ 30 በመቶ ከሚሆነው ኮሚሽን ነው። የማምረቻው ወጪም ከጊዜ ጋር ይቀንሳል፤ ሶኒ ያኔ 499 ዶላር ይሸጥ የነበረው ፕሌይስቴሽን 5 ከኪሳራ መውጣቱን በ2021 አስታውቋል። እርስዎ ያገለገለ ማሽን ሲገዙ ግን ገንዘቡ ለቀድሞው ባለቤትና ለነጋዴው እንጂ ለሠሪው ኩባንያ አይደርስም። ኩባንያው ከእርስዎ ቤት የሚያገኘው አዲስ ጌም ወይም ደንበኝነት ሲገዙ ነው።

ጥያቄ፦ የየን መዳከም ይጠቅማቸዋል?

መልስ፦ ኒንቴንዶ ከሽያጩ ሦስት አራተኛ በላይ የሚሆነውን የሚያገኘው ከጃፓን ውጭ ስለሆነ፣ የን ሲዳከም የውጭው ገቢ ሲመነዘር ይበዛል። ስለዚህ ዕድገቱ ከሥራው ወይስ ከምንዛሬው መምጣቱን መለየት ያስፈልጋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ማይክሮሶፍት ተሸንፏል የሚባለውስ?

መልስ፦ ኩባንያው ኤክስቦክስ የተባለውን ማጫወቻውን ስንት እንደሸጠ መግለጽ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። የጌም ክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ፊል ስፔንሰር በ2022 በእያንዳንዱ ማሽን ላይ ከ100 እስከ 200 ዶላር እንደሚደጉሙ ተናግረዋል። ማይክሮሶፍት አክቲቪዥን ብሊዛርድ የተባለውን ጌም አዘጋጅ በ68.7 ቢሊዮን ዶላር ለመግዛት ተስማምቶ ግዢው በኦክቶበር 2023 ሲጠናቀቅ፣ የጌም ገቢው በጁን 2023 ከተዘጋው ዓመት 15.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተነሥቶ በቀጣዩ ዓመት 21.5 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ደረሰ። ዕድገቱ በአብዛኛው ከዚሁ ግዢ የመጣ ሲሆን የማሽኑ ሽያጭ በዚያው ዓመት ቀንሷል። ትርፉ ለብቻው እስካልተገለጸ ድረስ አሸናፊም ተሸናፊም ብሎ መፍረድ ተገቢ አይመስለኝም።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር)፦ አንድ ምርት ቢከሽፍ ኩባንያው ይወድቃል?

መልስ፦ የሚወሰነው ባለው ጥሬ ገንዘብ ነው። የኒንቴንዶ ማጫወቻ የነበረው ዊ ከ101 ሚሊዮን በላይ ሲሸጥ ተተኪው ዊ ዩ 13.5 ሚሊዮን ገደማ ላይ ቀረ፤ ኒንቴንዶም እስከ ማርች 2014 ሦስት ተከታታይ ዓመታት ከሥራው ከሰረ። ፕሬዚዳንቱ ሳቶሩ ኢዋታ የራሳቸውን ደመወዝ በግማሽ ቀነሱ። ኩባንያው ግን ብዙ ጥሬ ገንዘብ ስለነበረው ስዊችን እስኪያወጣ ድረስ ሊታገሥ ችሏል። ሌላው የጃፓን ኩባንያ ሴጋ ግን በ2001 ድሪምካስት የተባለውን ማጫወቻውን ማምረት አቁሞ ከማሽን ሥራ ወጣ።

ጥያቄ፦ በስዊች ተተኪ፣ በስዊች 2 ላይ ምን እንከታተል?

መልስ፦ ጁን 5 ቀን 2025 ለገበያ ቀርቦ በአራት ቀን ውስጥ ከ3.5 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። እኔ የምከታተለው ግን ለአንድ ማሽን ስንት ጌም እንደሚሸጥ ነው፤ ኒንቴንዶ የሁለቱንም ብዛት በየሩብ ዓመቱ ስለሚያወጣ የጌሙን ብዛት ለማሽኑ ብዛት ማካፈል ብቻ ይበቃል።