የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከስመ ጥሮቹ የጃዝ ሸክላዎች ቀጥሎ ምን ይደመጣል?

ጥያቄ፦ ክቡር አዘጋጅ፣ ሸክላ መሰብሰብ ከጀመርኩ ብዙ አልቆየሁም። ሰብሳቢ ወዳጆቼ የግድ ሊኖሩኝ ይገባሉ የሚሏቸውን የጃዝ አልበሞች በዝርዝር ጽፈው ስለሰጡኝ ከላይ ወደ ታች እየገዛሁ ነው። ነገር ግን የሁሉም ዝርዝር ተመሳሳይ ስለሆነ ከዚያ ውጭ ያለውን በምን መንገድ እንደማገኘው አላውቅም። ስንሰባሰብም ተራዬ ደርሶ «አንተስ ምን ታሰማናለህ?» ሲሉኝ እነርሱ ያልሰሙት ነገር በእጄ የለም።
ጀማሪ ሰብሳቢ

መልስ፦ ዝርዝሮቹ የሚመሳሰሉት አውጪዎቹ እርስ በርስ ስለሚኮራረጁ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1959 ብቻ የማይልስ ዴቪስ «ካይንድ ኦፍ ብሉ»፣ የዴቭ ብሩቤክ «ታይም አውት»፣ የቻርልስ ሚንገስ «ሚንገስ አ አም» እና የኦርኔት ኮልማን «ዘ ሼፕ ኦፍ ጃዝ ቱ ከም» ለአድማጭ ቀርበዋል። ብሩቤክ ባልተለመዱ ምቶች ሲጫወት ኮልማን ፒያኖን ከቡድኑ ጨርሶ አስወጥቷል፤ አራቱን አልበሞች የሚያመሳስላቸው ዓመቱ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንዲህ ያለውን ዓመት ዘልሎ ዝርዝር የሚያወጣ ሰው ስለማይኖር ወዳጆችዎን አይውቀሷቸው።

የዝርዝር ችግሩ ሌላ ነው። አልበሞቹን በቁጥር ደርድሮ ያስቀምጣቸዋል እንጂ በመካከላቸው ያለውን ዝምድና አያሳይም፤ ዝምድናው የሚገኘው የሸክላው ሽፋን ጀርባ ላይ፣ ከመሪው ስም በታች በትንንሽ ፊደል በተጻፉት የአጃቢዎች ስሞች ውስጥ ነው። አሁን በእጅዎ ያለውን «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ገልብጠው ይመልከቱት። አልቶ ሳክስፎን የሚጫወተው ካነንቦል አደርሊ ነው። ስሙን ተከትለው ከሄዱ በ1958 ብሉ ኖት በተባለው አሳታሚ ወደ ተቀረጸው «ሳምቲን ኤልስ» ይደርሳሉ፤ እዚያ ደግሞ መሪው አደርሊ፣ አጃቢው ማይልስ ዴቪስ ሆኖ ያገኙታል (ስሙ በአጃቢነት ይጻፍ እንጂ የመጀመሪያውን ሙዚቃ ዜማ የሚያስገባው እርሱ ነው፤ ማን ማንን እንደመራ አድማጭ ይፍረድ)። ድራም የሚመታው አርት ብሌኪ ነው።

አሁን ወደ «ካይንድ ኦፍ ብሉ» ይመለሱና ከፒያኖ ተጫዋቾቹ መካከል ዊንተን ኬሊን፣ ከባሱም ፖል ቼምበርስን ይያዙ። ኬሊ በአልበሙ ውስጥ የሚጫወተው «ፍሬዲ ፍሪሎደር» በተባለው አንድ ሙዚቃ ላይ ብቻ ነው፤ ቀሪውን ፒያኖ የተጫወተው ቢል ኢቫንስ ነው። ኬሊ፣ ቼምበርስና ብሌኪ በአንድ ላይ የሚገኙት በ1960 በተቀረጸው የሃንክ ሞብሊ «ሶል ስቴሽን» ውስጥ ነው። ቴነር ሳክስፎን የሚጫወተው ሞብሊ ድምፁ ለስላሳ፣ አነጋገሩ ያልቸኮለ በመሆኑ በዘመኑ ከሌሎቹ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋቾች ከጆን ኮልትሬንና ከሶኒ ሮሊንስ ጥላ ሥር ቀርቶ ነበር፤ በእኔ ግምት ግን ይህ አልበም በዝርዝሮች አናት ላይ ከሚሰፍሩት ብዙዎቹን ያስከነዳል። ተራዎ ሲደርስ በመጀመሪያ «ፍሬዲ ፍሪሎደር»ን፣ ወዲያውኑ ደግሞ የ«ሶል ስቴሽን»ን የመጀመሪያ ሙዚቃ «ሪሜምበር»ን ያሰሙና ወዳጆችዎ የኬሊን ፒያኖ ብቻ እንዲከታተሉ ይጠይቋቸው። ሁለቱንም ሸክላዎች ለዓመታት ያውቋቸው ይሆናል፤ አከታትለው ካልሰሟቸው ግን አዲስ ነገር ይሆንባቸዋል።

ቢል ኢቫንስን መከተል ከመረጡ መንገዱ ወደ ጁን 25 ቀን 1961 ይወስድዎታል። በዚያን ዕለት ኢቫንስ ከባስ ተጫዋቹ ከስኮት ላፋሮና ከድራም ተጫዋቹ ከፖል ሞሺያን ጋር በኒው ዮርኩ ቪሌጅ ቫንጋርድ ክበብ በአድማጭ ፊት የተጫወተው ተቀርጾ «ሰንዴይ አት ዘ ቪሌጅ ቫንጋርድ» እና «ዋልትዝ ፎር ዴቢ» የተባሉ ሁለት አልበሞች ወጥተውታል። ላፋሮ ከቀረጻው በኋላ በ11ኛው ቀን በመኪና አደጋ ሞተ፤ የመጀመሪያው አልበም በእርሱ ድርሰት ተጀምሮ በእርሱ ድርሰት የሚያበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው። በቀረጻው የመጠጥ ብርጭቆ ሲንኳኳና ሰዎች ሲያወሩ ይሰማል፤ ባሱ ግን ፒያኖውን ከማጀብ አልፎ እኩል ሲነጋገረው ከሰሙ በኋላ ጫጫታውን ይረሱታል።

ወዳጆችዎ ያልሰሙት ስም ከፈለጉ ደግሞ ቲና ብሩክስን ይሞክሩ። ይህ ቴነር ሳክስፎን ተጫዋች በመሪነት ደጋግሞ ቢቀርጽም በሕይወት ሳለ በስሙ የወጣለት በ1960 የተቀረጸው «ትሩ ብሉ» ብቻ ነው፤ የቀሩት የታተሙት በ1974 ካረፈ በኋላ ነው። እርሱንም የሚያገኙት በዚያው መንገድ ነው፤ ስሙ በትራምፔት ተጫዋቹ ፍሬዲ ሃባርድ «ኦፕን ሰሰሚ» ጀርባ ላይ ሰፍሯል።

ጥያቄ፦ ከሰብሳቢዎች መካከል የመጀመሪያውን እትም እንጂ ዳግም የታተመውን ሸክላ የማይነኩ አሉ። ትክክል ናቸው?
ግራ የተጋባ አድማጭ

መልስ፦ የመጀመሪያ እትም እንደ ቅርስ ከተወደደ ክርክር የለኝም፤ «ትክክለኛው ድምፅ እርሱ ብቻ ነው» ሲባል ግን አልስማማም። እንደገና «ካይንድ ኦፍ ብሉ»ን እንውሰድ። የመጀመሪያው ገጽ ሦስት ሙዚቃዎች ማርች 2 ቀን 1959 ሲቀረጹ ዋናው የቴፕ መቅረጫ ፍጥነቱ በጥቂቱ ዝቅ ብሎ ስለነበር ሸክላው ላይ ሲሰሙ ከተጫወቱት ትንሽ ፈጥነውና ቃናቸው ከፍ ብሎ ነው የወጡት። ስሕተቱ የታረመው በ1992 ዳግም ሲታተም ነው፤ ስለዚህ እጅግ የሚፈለገው የመጀመሪያ እትም ስሕተቱንም ይዟል ማለት ነው።

ለብሉ ኖት ሸክላዎች ከመጨረሻው ሙዚቃ በኋላ ያለውን ባዶ ቀለበት በብርሃን ፊት ዘንበል አድርገው ይመልከቱ። «ቫን ጌልደር» የሚል ወይም የስሙ ምህጻር ማኅተም ካለ ሸክላው የተቀረጸበትን ማተሚያ ያዘጋጀው የድምፅ መሐንዲሱ ሩዲ ቫን ጌልደር ራሱ ነው። ከጎኑ ጆሮ የሚመስል ትንሽ ምልክት ካለም ፕላስቲላይት በተባለው ፋብሪካ የታተመ ነው። ሁለቱም ከሌሉ ግን ሸክላው መጥፎ ነው ማለት አይደለም፤ ብሉ ኖት ከ2019 ጀምሮ በ«ቶን ፖዬት» ተከታታይ ዕትሙ ከመጀመሪያዎቹ ቴፖች የሚያሳትማቸው በጸጥታቸውም በጥራታቸውም ከተቧጨረ አሮጌ ሸክላ የተሻሉ ናቸው። ለመደመጥ የሚገዙ ከሆነ እነዚህን አልፈው አይሂዱ።

ጥያቄ፦ ሉዊስ አርምስትሮንግ የጃዝ አባት ከተባለ በ«የግድ አልበሞች» ዝርዝር ውስጥ የ1920ዎቹ ሥራዎቹ ለምን አይታዩም?
ተከታታይ አንባቢ

መልስ፦ አልበሞች ስላልነበሩ ነው። ረጅሙ፣ በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ የሚዞረው ሸክላ በኮሎምቢያ ኩባንያ የወጣው በ1948 ሲሆን አርምስትሮንግ ከ«ሆት ፋይቭ» እና ከ«ሆት ሴቨን» ቡድኖቹ ጋር የቀረጻቸው ከ1925 እስከ 1928 ያሉት ሙዚቃዎች በደቂቃ 78 ጊዜ በሚዞረው የቀድሞው ሸክላ ላይ በየገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል የሚፈጁ ናቸው። አልበምን መለኪያ ያደረገ ዝርዝር ከዚያ በፊት ያለውን ሩብ ምዕተ ዓመት ይጥለዋል፤ የዱክ ኤሊንግተን የ1940ዎቹ መጀመሪያ ሥራዎችም የዚሁ ዕጣ ሰለባ ናቸው። በስብስብ መልክ የታተሙትን ይፈልጉ፤ ሲመርጡም ሙዚቃዎቹ በተቀረጹበት ቀን ቅደም ተከተል የተደረደሩበትንና የተጫዋቾቹ ስም በሙሉ የሰፈረበትን ያስቀድሙ።