«ኢስላሕ» ተሐድሶ ነው ወይስ ማቃናት?

አንዲት አንባቢ ስለ «አል-መናር» መጽሔት የተጻፈ ነገር እየተረጎሙ ነው። «የዐረብኛውን ‹ኢስላሕ› ‹ተሐድሶ› ብዬው ነበር፤ አንድ ጓደኛዬ ግን ‹እሱ የቤተ ክርስቲያን ጭቅጭቅ ቃል ነው፣ ለእስልምና አይሆንም› አለኝ። ምን ይሻላል?» ይላሉ።

የጓደኛዎ ምክንያት ውሃ አያነሳም። ተሐድሶ ከ«ሐደሰ» የመጣ ነው። በዐረብኛው «ሐዲስ» መጨረሻ ላይ ያለችው፣ ምላስ ጥርስ መሀል ገብታ የምትነበበው ፊደል ደግሞ በግዕዝ «ሰ» ሆና ትገኛለች። ስለዚህ የሐዲስ ኪዳኑ «ሐዲስ» እና የነቢዩ ሙሐመድ «ሐዲስ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። እንዲያውም ዐረቦች «ሰሓፋ» የሚሉት ጋዜጠኝነት የእኛ «ጸሐፈ» ዘመድ ነው፤ የቁርኣኑን ጥራዝ «ሙስሐፍ»ን ከ«መጽሐፍ» ወሰዱት የሚሉ ሊቃውንትም አሉ። ከመንገዴ ወጣሁ።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ዐረቦች ለማደስ «ተጅዲድ» የሚባል ቃል አላቸው። ኢስላሕ ግን የተበላሸውን መጠገን፣ የጠመመውን ማቃናት ነው። ዕርቅ ማለት የሆነው «ሱልህ»ም ከዚሁ ሥር ነው።

ሼህ ረሺድ ሪዳ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1898 ካይሮ ላይ አል-መናርን ሲጀምሩ አዲስ ነገር ላምጣ አላሉም። በልማድ የጠመመውን ወደ ቁርኣንና ወደ ሐዲስ ልመልስ ነው ያሉት። መጽሔታቸው ልክ እንደዚህ ያለ የጥያቄና መልስ ዓምድ ነበረው። የእሳቸው መልስ ግን ከእኔ ይልቅ ይሰማ ነበር!

በ1905 ከሲንጋፖር አንድ ጥያቄ መጣላቸው። የነቢዩ ዘር የሆነችን ሸሪፋ ከዘሩ ያልሆነ ሙስሊም ቢያገባት ጋብቻው ይጸናል ወይ? ሪዳ «ይጸናል» አሉ። ከየመኗ ሐድረመውት መጥተው እዚያ የከተሙት ሰይዶች፣ የነቢዩ ዘር ነን የሚሉት ማለት ነው፣ ተቆጡ። ከዓመታት በኋላ ሱዳናዊው መምህር አሕመድ ሱርካቲ በኢንዶኔዥያዋ ደሴት በጃቫ ላይ ይህንኑ መልስ ሰጡ፤ ከሚያስተምሩበት ማኅበርም ለቀው ወጡ። በ1914 ባታቪያ ላይ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ማለት ነው፣ የእሳቸው ወገኖች ማኅበር «አል-ኢርሻድ» ተመሠረተ። የሐድረመውት ሰው በሰርግ ጥያቄ ለሁለት ተከፈለ። እንግዲህ እዚህ ውስጥ ምን ታደሰ? ለእኔ የተቃና ነገር ነው የሚታየኝ።

ግን «ማቃናት» አንድ ቦታ ላይ ጉድ ይሠራኛል። ኢስላሕ የሚያካሂደውን ሰው ምን እንበለው? «አቃኚ» ቢሉ ክራር ቃኚ ይመስላል። «አቅኚ» ቢሉ አገር አቅኚ ይሆናል፤ ባታቪያ ላይ ደግሞ አገር አቅኚው ሆላንዱ ነበር። ጋዜጣውም ሬዲዮውም «የተሐድሶ አራማጅ» ማለት ለምዷል። እየመረረኝ ተቀብያለሁ።

በደብዳቤዎ መጨረሻ ያስገቡትን «የዐረብ ዲያስፖራ» ግን አልቀበልም። ዲያስፖራ እኛ ዘንድ ለእረፍት መጥቶ ቤት የሚገዛው ሰው ነው። የሰፈራችን የዐረብ ቤት ባለሱቅ ዲያስፖራ ተብሎ ያውቃል? የመናዊ ነበር፣ በቃ። «ጃቫ የሚኖሩ የሐድረመውት ዐረቦች» ይበሉ። ርዕሱ ላይ ተሐድሶን ይተዉት። ውስጡን ግን አንድ ቦታ፣ ለእኔ ሲሉ፣ «ማቃናት» ይበሉልኝ።